የአያቴ ቀጠሮ

አያቴን ሳስብ ዐይኔ ላይ የሚመጣው የወረታ ፍርድ ቤት አግዳሚ ወንበር ነው። የርብ ወንዝ በየክረምቱ እየሞላ በእኛና በጎረቤታችን የሩዝ ማሳ መካከል ያለውን ወሰን ያጠፋዋል። ውሃው ሲጎድል ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ አያቴና ጎረቤታችን፣ ይካሰሱ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው ይሄዳሉ፣ ከአንድ አገልግል ይበላሉ፣ ችሎት ሲገቡ ግን እንደማይተዋወቁ ፊታቸውን ያዞራሉ።

አንድ ጊዜ ዳኛዋ ሰልችቷቸው፣ "ነገ ባለሙያ ልኬ ወሰኑን አስለካዋለሁ፤ ያልቅላችኋል" አሉ።

ሁለቱም ደነገጡ። አያቴ ብድግ ብለው፣ "ክብርት ዳኛ፣ ምን አስቸኮለን? ቀጠሮ ይሰጠን" አሉ። ተከሳሹም ተቃውሞ እንደሌላቸው ተናገሩ። ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ዘንድሮ አያቴ አረፉ። ለቅሶው ላይ ከሁላችንም በላይ ያነቡት ጎረቤታችን ናቸው። ውሃው በጎደለ ሳምንት፣ በጎናቸው ሰው ያለ ይመስል ጃንጥላቸውን አዘንብለው ደጃችን ቆሙ።

"ወራሹ አንተ ነህ?"

"አዎ፣ አባባ። ወሰኑን እርስዎ እንዳሉት ያድርጉት፤ እኔ አልከራከርም።"

ፊታቸው ጠቆረ።

"አያትህ እንኳ እንዲህ ንቀውኝ አያውቁም" አሉ። "ሰኞ በጠዋት እንነሳለን። አገልግሉን አንተ ትይዛለህ።"