የመስጊዱ ጉንጭ

ቀኝ እጄ ጀሶ ውስጥ በገባ በማግስቱ እህቴ ደወለችልኝ። ከመቻራ በሞተር ስመለስ ወድቄ የእጄ አንጓ ተሰንጥቆ ነበር። እሷ ስለ ሕመሙ ትንሽ ጠየቀችኝና ወዲያው ወደ ጉዳይዋ ገባች።

"አባባን ማን ሊላጫቸው ነው?"

አባታችን በሕይወት ስለሌለ፣ በኒካሕዋ ወሊይ ሆነው የሚድሯት አባባ የምንላቸው አያታችን ናቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ራሳቸውን መላጨት ትተዋል። በሚኖሩባት ቦኬ ያሉትን ፀጉር አስተካካዮች አያስጠጉም፤ "የሰውን ሁሉ አገጭ የነካ ብረት" ይሉታል መሣሪያቸውን። ቶንዶስ ሲጮህ ደግሞ ይቆጣሉ። የራሳቸው ታጣፊ ምላጭ አላቸው። ጉንጫቸውንና በሂና የቀላውን ጺማቸውን ዳር በእሱ የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። አሁን ግን "እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት አልቀመጥም፣ ውክልናውን ለሌላ እሰጣለሁ" ብለዋል። እህቴ በሌላ ሰው መዳር አልፈለገችም።

"ግድ የለም፣ በግራዬ እለማመዳለሁ" አልኳት። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ነው፤ ተግቶ ለተማረ ሰው የማይቻል ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጭሮ ከተከራየኋት ክፍል ፊት ለፊት ፀጉር ቤት ያለው ሰውዬ ሊያስተምረኝ ተስማማ። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ምላጭ አልነበረም።

"እዚህ ቤት ቀኝና ግራ የለም" አለኝ። "ቀኝ ስልህ የማን ቀኝ ነው? ያንተ ነው? የደንበኛው ነው? መስታወት ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው? ስለዚህ ወንበሩ አይዞርም። በዚህ በኩል መስጊድ አለ፣ በዚያ በኩል ገበያ። ይሄ የመስጊድ ጉንጭ፣ ያኛው የገበያ ጉንጭ። የሚጀመረው ሁልጊዜ ከመስጊዱ ነው።"

የመስጊዱ ጉንጭ የደንበኛው ቀኝ መሆኑ ነው። ለግራ እጅ አስቸጋሪው ደግሞ እሱ ነው። በደንበኛው ግራ ጎን ስለምቆም፣ ክንዴን በአፍንጫው ላይ አሻግሬ፣ አንጓዬን ወደማያውቀው አቅጣጫ አጥፌ መድረስ ነበረብኝ።

ለመለማመጃ ፊኛ ነፍቶ የሳሙና አረፋ ቀባልኝ። ምላጩን በሦስት ጣት ያዝኩ፣ ትንሿን ጣቴን ጭራው ላይ አሳረፍኩ፣ እንዳለኝ አጋደልኩት። ፊኛው ፈነዳ። አረፋው መነጽሬ ላይ ተለጠፈ። ጥግ ላይ ጫቱን ይዞ የተቀመጠ ነጋዴ ቀና ብሎ አየ።

"አቦ፣ ይሄኛው ደንበኛ ሞተ" አለ። "ቤተሰቡ ይነገረው።"

ሌላ ፊኛ ተነፋ። እሱም ሞተ። "ሱታ፣ ሱታ" ይለኛል አስተማሪዬ፣ በኦሮምኛ ቀስ በል ማለቱ ነው።

"ከዚህ በላይ ቀስ ማለት እኮ መቆም ነው።"

"እንግዲያው ቁም።"

ቆምኩ። ከዚያ እንደገና ጀመርኩ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። አንሳ ስለው ይጫናል፣ ተጫን ስለው ይንሳፈፋል። የገዛ እጄ አማርኛ የማይሰማ እየመሰለኝ መጣ። "ግራ ገባኝ" የሚለውን አነጋገር የፈጠረው ሰው በግራ እጁ ምላጭ ይዞ ያውቅ እንደነበር አልጠራጠርም።

ፊኛዎቹ መሞት ሲያቆሙ ነጋዴው ራሱ ወንበሩ ላይ ወጣ። "በኔ ሞክር፣ ቆዳውን ጫቴ ወጥሮልሃል" አለና ያበጠ ጉንጩን ሰጠኝ። ከነሕይወቱ ወረደ። አስተማሪዬም ሂድ አለኝ።

የኒካሑ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ቦኬ ደረስኩ። አባባ ብርሃን እንዲያገኙ በሩ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አረፋውን ቀባሁ። ምላጩን በግራዬ ስከፍት ግን እጃቸውን አነሱ።

"በቢታ?" አሉ። ቢታ ግራ ነው። "በግራ የሚበላ ሸይጧን ነው።"

"አባባ፣ እኔ ልላጭዎት ነው እንጂ ልበላዎት አይደለም።"

አልሳቁም። ጀሶውን አሳየኋቸው፤ አላዩትም። እህቴ ከኋላዬ መጥታ ቆማለች፣ አረፋው እየደረቀ ነው፣ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ያን ሁሉ ፊኛ ለዚህ ነው የገደልኩት? አፌ ሳላስበው ፀጉር ቤቱ ያስተማረውን አወጣ።

"እሺ፣ ከመስጊዱ ጉንጭ ልጀምር?"

አባባ ወደ ውጭ ተመለከቱ። የቦኬው መስጊድ ከተቀመጡበት በስተግራቸው ነበር።

"መስጊድ ጉንጭ አለው?"

"ጭሮ እንዲህ ነው የሚባለው።"

"የጭሮ ሰው ለካ አላህን ይፈራል" አሉና ግራ ጉንጫቸውን ሰጡኝ። "ቢስሚላህ በል።"

ተሳስቻለሁ፣ ቀኝዎን ማለቴ ነው ልል ነበር። እህቴ ጀርባዬን ቆነጠጠችኝ። ቢስሚላህ አልኩ፣ ከጀሶው በወጡት ጣቶቼ ቆዳቸውን ወጠርኩ፣ ላጨሁ። ለግራ እጅ ከሁሉ የሚቀለው ያ ጉንጭ ነው። ምላጩ ዱካ ሳይተው አለፈ።

"ያኛውስ የማን ነው?" አሉ ስጨርስላቸው።

"የገበያው ነው።"

"ገበያ በሁሉም እጅ ይነካል። ቀጥል።"

እዚያ፣ ከጆሯቸው በታች፣ ትንሽ ቆረጥኳቸው። እሳቸው ደሙን በጣታቸው ጠርገው አዩት።

"ገበያ ያለ ኪሳራ የለም" አሉ።

በማግስቱ ጺማቸው ዳሩ ተስተካክሎ፣ ሰው ፊት ተቀምጠው እህቴን ራሳቸው ዳሯት።

ጀሶው ሲፈታልኝ ደስ ብሎኝ ቦኬ ሄድኩ። አረፋ ቀብቼ ምላጩን በቀኜ ከፈትኩ። አባባ የመስጊዱን ጉንጭ ሰጥተውኝ እጄን አዩት።

"ያኛው እጅህ የት ሄደ?"

"ቀኜ ዳነ እኮ፣ አባባ።"

"አልሐምዱሊላህ። እሱ ለገበያው ይሁን" አሉ።

እስካሁን በሄድኩ ቁጥር፣ ደህና ቀኝ እጅ እያለኝ፣ ከመስጊዱ ጉንጭ በግራዬ እጀምራለሁ።