የሁዳዴ ወተት

የእህቴ ልጅ ሰላም ጠዋት ጫማዋን ሳታስር በፊት ስልኳን ታነሳለች። መሥሪያ ቤቷ በየቀኑ «ዛሬ እንዴት ነሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። መልሱ አምስት ቢጫ ፊት ነው፤ ከሚያለቅሰው እስከሚስቀው ተደርድረዋል። ሰላም በአንድ እጇ አንገቷን እያሸች በሌላው የሚስቀውን ትጫናለች።

«ሌሊቱን አንገቴ አላስተኛኝም ስትይ አልነበረም እንዴ?» አልኳት ባለፈው ሳምንት።

«ሌላውን ከተጫንኩ እየደወሉ ይጨቀጭቁኛል፣ እትዬ። የሚስቀውን ስጫን ይተዉኛል።»

የምትሠራው ቸርችል ጎዳና ቁልቁል፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት በለበሰ ፎቅ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅራ ትውላለች። በወር አንድ ቀን አተነፋፈስ የሚያስተምር ሰው ይመጣላቸዋል። መስኮቱ ግን አይከፈትም።

እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ወተቱ ትዝ አለኝና ተናደድኩ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ፒያሳ አንድ ማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ተቀጥሬ ነበር። በዚያን ጊዜ ጽሑፍ የሚታተመው ከእርሳስ የተሠራ ፊደል አንድ በአንድ ከሳጥን እየተለቀመና በመስመር እየተደረደረ ነው። ፊደላችን ስንት እንደሆነ በእውነት የገባኝ ትምህርት ቤት ሳይሆን እዚያ ቆሜ ነው። ሰባት ሴቶች ነበርን። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ ፊደል የሚታጠብበት የነጭ ጋዝ ሽታና ከጎን የሚቀልጠው የእርሳስ ጭስ አይለየውም። ወደ መንገዱ የሚያሳይ አንድ መስኮት ነበር፤ እሱም ነፋስ ወረቀት ይበትናል ተብሎ በሚስማር ተመትቷል። የበልግ ዝናብ ሲመጣ የረጠበ አፈር ሽታ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባና ያስጎመጀናል።

እርሳስ እንደሚመርዝ ሁሉም ያውቃል። ማርከሻው ደግሞ ወተት ነው ይባል ነበር። ስለዚህ በየቀኑ በአራት ሰዓት ለእያንዳንዳችን ግማሽ ሊትር ወተት በጠርሙስ ይመጣል። ልጆች ያሏቸው ወደ ቤት ይወስዱት ስለነበር እዚያው ተጠጥቶ ባዶው ጠርሙስ እንዲመለስ ታዘዘ። ማን ስንት እንደጠጣም ይመዘገባል። ጽሕፈትሽ ያምራል ተብዬ መዝጋቢዋ እኔ ሆንኩ።

ሥራውን ያስተማረችኝ ዘሃራ ናት። ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ከእሪ በከንቱ ሽቅብ በእግሯ ትመጣለች። ፊደል የምትለቅመው ሳጥኑን ሳታይ ነበር። ከመካከላችን ሙስሊም እሷ ብቻ ስለነበረች በረመዳን የእሷን ወተት እኛ እንጠጣለን፣ በሁዳዴ የእኛን እሷ። ይህን ማንም አልደነገገውም።

እኔ በተቀጠርኩበት ዓመት ሆዷን ይቆርጣት፣ ራሷን ያማት ጀመር። ቆይቶም ቀኝ መዳፏ ከአንጓው እየታጠፈ ዝቅ አለ፤ ፊደል ከጣቶቿ ይንጠባጠባል። መስኮቱ ወደሚከፈተው ጥራዝ ክፍል እንዲያዛውሯት አለቃችንን አቶ ደምሴን ለመነች። «ይታያል» አሏት። ሁዳዴ ገባ፣ ገና እየታየ ነው።

እኛ ደግሞ በደግነት ተነሣን። ስድስታችንም ወተታችንን ለእሷ ሰጠናት።

«ጠጪ እንጂ፣ መድኃኒት ነው» እንላታለን ዙሪያዋን ከበን።

«እናንተ ትጾማላችሁ፣ የኔ ሆድ ይነፋል! ጥጃ አደረጋችሁኝ እኮ!»

የቻለችውን ትጠጣለች። የተረፈውን በጓሮ ለድመቶች ታፈሳለች። ጠርሙሱ ባዶውን መመለስ አለበትና እኔ በስሟ ትይዩ በየቀኑ ሰባት እጽፋለሁ።

ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዝውውሩን ደግማ ልትጠይቅ ስትሄድ አብሬያት ወደ አቶ ደምሴ ወጣሁ። ማንኪያ መያዝ አቅቷት ነበር። እሳቸው መዝገቡን አውጥተው ገለጡት።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ስንት ይላል?»

«ሰባት።»

«በቀን ሰባት! የኔ ልጆች ይህን አያገኙም። ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ እርሳስ ሊጎዳት የማይችለው እሷን ነው። የእጇ ሕመም ከልብስ አጠባ ይሆናል።» ቀና ብለው አዩኝ። «ወይስ አልጠጣችውም? የሐሰት መዝገብ ነው የጻፍሽው?»

ዘሃራ የወደቀውን እጇን በግራዋ ደግፋ ቆማለች። የተቀጠርኩት በዚያው ዓመት ነው፤ በደመወዜ እናቴን እጦራለሁ።

«ጠጥታለች» አልኩ።

ደረጃውን ስንወርድ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ሳቀችብኝ። «ተይ እንጂ፣ ሁለታችንም ብንባረር ምን ይፈይዳል? ይልቅ ለድመት ጤና እንደዚህ ቤት የሚያስብ የለም።»

ፋሲካ ሳይደርስ ሥራውን ተወች። ከዓመታት በኋላ መርካቶ፣ በወንድሟ ሱቅ ውስጥ በግራ እጇ ጨርቅ ስትለካ አገኘኋት። ሻይ አዘዘችልኝ።

ማተሚያ ቤቱ ፈርሶ ዛሬ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። መስኮቱ በሚስማር እንደተመታ አብሮ ፈረሰ። የሚያናድደኝ የአለቃው ክፋት ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ማስረጃውን በሚያምር ጽሕፈት ያዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ሰላም ሐኪም ያዘዘላትን የሁለት ሳምንት ዕረፍት ልትጠይቅ ስትዘጋጅ ስልኩ እንደልማዱ ጠየቃት። ጣቷ ወደሚስቀው ሲሄድ እጇን ያዝኩ።

«ዕረፍት ስትጠይቂ አውጥተው የሚያሳዩሽ ይህንን ነው» አልኳት። «ከነዚህ አንገቱን የሚያመው የትኛው ነው?»

ስልኩን ወደ ዓይኗ አቅርባ ፈለገች። «ፊት ብቻ ናቸው፣ እትዬ። አንገት የላቸውም።»

«እንግዲያው ምንም አትጫኚ። ሲደውሉ አንሺና በአፍሽ ንገሪያቸው።»

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አሰርኩላት።