በሩን የያዙት ልጃገረዶች

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ለጎረቤቴ ልጅ ሰርግ። ጎረቤቴ እዚሁ ሞያሌ፣ ኬንያው በኩል፣ ለሎሪ ሾፌሮች ምግብ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጇን የሚያገባት ከብት ነጋዴ ነው። ሰውየውን ያመጣው ያባቷ ወንድም ነው፤ አብረው ይነግዳሉ። ልጅቷን ማን ጠየቃት? እኔ እንጃ። ሽማግሌ ተላከ፣ አጎትየው እሺ አለ፣ አለቀ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የድሮ ፍቅር ግን አወራለሁ፤ ይቺ የልጅ ልጄ ትጽፍና በስልክ ለሰፈሩ ሴቶች ትልካለች። የበቅሎ ዘመን፣ የሲራራ ነጋዴ ዘመን ፍቅር ነው። «እማማ፣ ለምን ሁሌ የድሮ?» ትለኛለች። የድሮውን ሲሰማ ሰው አይፈራማ! ሁሉም ሞተዋል፣ ማን ምን ያደርጋቸዋል? ሰርግ የሌለበት ፍቅር ደግሞ አይጥመኝም። ፍቅር የሌለበትን ሰርግማ ስንቱን አየሁ፤ እሱን አላስጽፍም። በታሪኬ እልል ሲባል እኔ አፌን እዘጋለሁ። ከዛ ወዲያ ያለውን አልነካውም።

በዛ ሰሞን ያስጻፍኩት የአንዲት ሙሽራ ነገር ነው። ሙሽራ ሊወስዱ ሲመጡ ልጃገረዶች በር ይዘው አናስገባም ይሉ የለ? ጨዋታ ነው። ወንዶቹ ይለምናሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ ከረሜላ ይሰጣሉ፣ ይከፈታል። የኔዋ ሙሽራ ግን ጓደኞቿን «የጠየቁት አባቴን ነው፤ እኔን በሩ ላይ ይጠይቁኝ። እሺ ሳልል እንዳትለቁ» አለቻቸው። ባልየው ጠየቃት፣ እሺ አለች፣ እልል ተባለ። በቃ። የጎረቤቴም ልጅ ሰምታዋለች፤ «ደስ ይላል እማማ» ብላኛለች።

ስድስት ሰዓት ገደማ መኪኖቹ መጡ። ከወንድ በቀር የወረደ የለም። አንዲት አሮጊት፣ አንዲት እህት እንኳ ይዘው አልመጡም። ሞተርም አላጠፉም። አጠገቤ የምትልጠዋን «ምነው ዘፈን የላቸውም?» አልኳት።

«ቸኩለው ይሆናላ» አለች።

ልጃገረዶቹ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው በሩን ያዙ። ሚዜው ሽቶ ረጨ። «እነዚህ የቡቲዬ ሰፈር ፍየሎች በስንት ከረሜላ ነው የሚለቁት?» አለ፤ ተሳቀ።

«ከረሜላህን ራስህ ላሰው!» አለችው አንዷ። «ሙሽራዋን ይጠይቃት።»

ሙሽራው ፈገግ አለ። «ምን ብዬ?»

«ትመጪያለሽ ወይ በላ!»

እሱም ለቀልዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እሜቴ፣ ትመጪያለሽ ወይ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

ከውስጥ «አልመጣም» አለች።

አልጮኸችም። ሳቁ ግን መሀል ላይ ቁርጥ አለ። ሚዜው ጨዋታ መስሎት፣ «ኧረ ታውቅበታለች እሷስ!» አለ።

«አልመጣም አልኩ እኮ።»

አጎትየው ተነሳ። «ልቀቁ!» አለ። አልለቀቁም። አንዷ ትንቀጠቀጣለች፣ ግን አልለቀቀችም። እኔም ቢላዋዬን አስቀምጬ ሄጄ መሀላቸው ቆምኩ። የኔ ጉልበት ምን ይረባል? በሰው ፊት አሮጊት ገፍቶ መግባት ያሳፍራቸዋል ብዬ ነው እንጂ።

እኔ ክፉ ሰው ሳስጽፍ አስጮኸዋለሁ፣ ጅራፍ አስይዘዋለሁ። ይሄኛው ሙሽራ ግን አልጮኸም። አጎትየውን ክንዱን ይዞ መለሰው። ከሱፉ ላይ አበባዋን ነቀለና ለምትንቀጠቀጠዋ ልጅ በእጇ አስያዛት።

«ዛሬ ሰው ብዙ ነው» አለ። «ሰው ሲቀንስ እመጣለሁ።»

በቀስታ ነው ያለው፤ ስለ ገበያ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ከዛ መኪኖቹ ሄዱ። አጎትየውም አብሯቸው ሄደ።

ወጡ እንደተሠራ ቀረ። ሰው አንድ ሁለት እያለ ተበተነ። ጎረቤቴ ድንኳኑ ስር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጄ አንቺን ሰምታ ነው ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ አላለችኝም። «አይዞሽ፣ ዋናው አልሄደችም» አልኳት።

መንገዱን እያየች፣ «እትዬ፣ ልጆቹ ማታ ወደየቤታቸው ይገባሉ» አለችኝ። «አንቺም ትደክሚያለሽ። ከነገ ጀምሮ በሩን ማን ነው የሚይዝልኝ?»