ከሶርሳ ገበታ

ዳማ ጨዋታ ነው ይላሉ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በመስኮት ስላየሁት የወንድን ብልግና እንደ ዳማ የሚያወጣ ነገር የለም ባይ ነኝ። ሶዶ ከተማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የክፍሌ መስኮት ፊት ለፊት አንድ ዋንዛ ዛፍ አለ፤ ሥሩ አግዳሚ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ በጥቁርና በነጭ ቀለም የተሰመረ የዳማ ገበታ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዲግሪ ያለውም የሌለውም እዚያ ይሰበሰባል።

አንዱ ቆርኪውን ገፍቶ ካስቀመጠ በኋላ እንደሚበላበት ሲያይ «ገና አልለቀቅኩም» ብሎ ይመልሳል። ሌላው ቆሎ እየቃመ ይጫወትና ገለባውን ገበታው ላይ እፍ ይለዋል። ሦስተኛው ሲያሸንፍ ቆርኪውን እንጨቱ እስኪሰነጠቅ ያጋጨዋል፤ ሲሸነፍ ደግሞ ክርኑ በስህተት ገበታውን ይገለብጠዋል። ሁልጊዜ በስህተት ነው። ከሁሉ የሚያቅለሸልሸኝ ግን ቆሞ በሰው ጨዋታ የሚፈተፍተው ነው። የእኛው ፈትፋች ሾፌሩ ቤኒ ነበር። ራሱ ቢቀመጥ አምስት ደቂቃ አይቆይም፤ በሰው ቆርኪ ግን ጄኔራል ነው። ዳማ ልልመድ የሚል ሰው ቢጠይቀኝ የመጀመሪያ ምክሬ፣ ቤኒን የመሰለ ሰው ከኋላህ አታቁም የሚል ነው።

ከእነዚህ ጥፋቶች አንዱንም ሲሠራ ያላየሁት ሶርሳን ብቻ ነው። ሶርሳ የግቢው በር ጥበቃ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያስብ ከንፈሩን የሚነክስ ሰው። ቆርኪ አንሥቶ ካስቀመጠ አስቀመጠ ነው። ሲያሸንፍ ዝም ብሎ ቆርኪዎቹን ይለቅማል፤ ሲሸነፍም እንደዚያው። ያሸነፈውን ሰው ስም እንኳ አይጠራም።

የተወለደው ጉኑኖ አካባቢ ነው። እናቱ ሸክላ ትሠራለች፤ አያቱም ትሠራ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አገሬው ጪናሻ ይለዋል፤ ማሰሮውን ይገዛዋል፣ በማሰሮው ያበስላል፣ ከሠራችው ሴት ጋር ግን አብሮ አይበላም። ይህን ስጽፍ ራሱ ያስጠላኛል። ሶርሳ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ሰሜን ሄደ። ዳማን የለመደው ምሽግ ውስጥ ነው። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «እዚያ በአንድ ትሪ ስምንት ሆነን ነው የምንበላ። የማን ልጅ ነህ የሚል ሰው የለም። ጥይት አለ፣ ረኀብ አለ፣ እሱ ጥያቄ ግን የለም።» ደርግ ወድቆ ሲመለስ ጥያቄው ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀው።

ነገሩ የሆነው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎት። የሠራተኞች የስፖርት ውድድር በዴሳ ከተማ ላይ ሊደረግ ነው፣ ከየመሥሪያ ቤቱ አንድ የዳማ ተጫዋች ይላክ የሚል ደብዳቤ መጣ። ሶርሳ ደብዳቤውን ሰምቶ በዚያው ቀን ወደ ክፍሌ ገባ። ከበሩ አልፎ ገብቶ አያውቅም ነበር።

«እህቴ ይመኙሻል፣ ስም ስትጽፊ ከነአባቴ ጻፊው። ሶርሳ ቦሼ።»

«ገና መች ተመረጥክ?» አልኩት።

«እመረጣለሁ። ሁለት ቀን ነው። ከየወረዳው ሰው ይመጣል፣ አብሮ ያድራል፣ አብሮ ይበላል። እዚያ የሚያውቁኝ በጨዋታ ብቻ ነው።»

ይህን ያህል ነበር የፈለገው። ሁለት ቀን።

ማጣሪያው ተደርጎ ለመጨረሻው ግጥሚያ ሶርሳና አቶ ኤርሳዶ ቀሩ። አቶ ኤርሳዶ የግዥ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ አንቱታውን የሰጠኋቸው ለወንበራቸው ነው። ክፉ ተጫዋች አልነበሩም። በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በክርስቶስ ሁላችን አንድ ነን የሚለውን ስብከት እንባቸው እየወረደ እንደሚሰብኩ ሰምቻለሁ።

ዐርብ በምሳ ሰዓት ሠራተኛው በሙሉ ዋንዛው ሥር ተኮለኮለ። እኔም መስኮቴን ትቼ ወጣሁ። በዳማ መብላት ግዴታ ነው፤ የተቃራኒውን ቆርኪ መብላት እያለበት ያልበላ ሰው፣ መብላት የነበረበት የራሱ ቆርኪ ይነሣበታል። ይህን ሕግ ሕፃን ያውቀዋል። ጨዋታው እኩል በእኩል እየሄደ ሳለ ሶርሳ አንድ ቆርኪ ወደ ፊት ገፍቶ ለአቶ ኤርሳዶ ሰጣቸው። ወጥመድ ነው፤ እሳቸው ቢበሉ እሱ ሁለት ይበላል። ግን ግዴታ ነውና መብላት አለባቸው። እጃቸውን ዘረጉ።

ያን ጊዜ ቤኒ ከኋላቸው አፉን ከፈተ።

«ጋሽ ኤርሳዶ፣ ዛሬ ከሶርሳ ገበታ ሊበሉ ነው።»

ሳቅ ሆነ። የሳቁት ጥርሳቸውን እያሳዩ ነው፤ ያ ሁሉ የተማረ ሰው። የአቶ ኤርሳዶ እጅ አየር ላይ ቆመ። ጆሮአቸው ቀላ። ከዚያ እጃቸውን መለሱና በሌላ በኩል ያለ ቆርኪ ገፉ።

«መብላት አለ፣ ጋሼ» አለ ሶርሳ ቀስ ብሎ።

«አልበላም።»

«ግዴታ ነው።»

«ሰው ያላማረውን ይብላ የሚል ሕግ የለም» አሉ። ደግሞ ተሳቀ። እንዲህ ያለ ስህተት የትም አገር ያለ የዳማ ተጫዋች አይሠራውም። የእኛ ሰው ግን የለስላሳ መክደኛም ዘር ቆጠረበት።

ሶርሳ አልተቆጣም። በሕጉ መሠረት የአቶ ኤርሳዶን ቆርኪ አነሣ። ከንፈሩን ነከሰ፤ ገበታውን ትንሽ አየና ሌላ ቆርኪ ገፍቶ እንዲበሉት ሰጣቸው። አልበሉም። አነሣባቸው። ሌላ ሰጠ። አልበሉም፤ አነሣ። ያኔ ምን እየሠራ እንደሆነ ገባኝ። ሰውየው ስለ ጨዋታ ማሰብ ትቶ ማዕድ እያቀረበ ነበር፤ በየተራ፣ በትሕትና፣ አንድ በአንድ፣ እንግዳን እንደሚያጎርስ ሰው። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። አቶ ኤርሳዶ አንዷን ቆርኪ ብቻ ቢበሉ ገና ይዋጉ ነበር። እሷን ከሚበሉ ባዶ ገበታ ፊት ላብ በላብ ሆነው መቀመጥን መረጡ። በመጨረሻ አንዲት ቆርኪ ሲቀራቸው ተነሡ፤ ክርናቸውም በስህተት ገበታውን ገለበጠው።

ሰኞ ግምገማ ተጠራ። በዚያ ዘመን ድመት ብታስነጥስም በግምገማ ይታያል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ አፉን የከፈተውን ቤኒን የጠየቀው የለም፣ አልበላም ያሉትን ኃላፊ የጠየቀው የለም፤ የተገመገመው ሶርሳ ነው። «የበላይ ኃላፊን በጨዋታ ሽፋን ለማዋረድ የመንቀሳቀስ ዝንባሌ» ተገኘበት። ግለ ሂስ አድርግ አሉት።

ተነሣና ቆብ ማድረጉን ረስቶ ኖሮ አውልቆ ያዘው። «ምን ልበል? ሰጠሁ። አልበላም አለ» ብሎ ተቀመጠ።

ቃለ ጉባኤውን የመታሁት እኔ ነኝ። «ግጥሚያው በገበታው መገልበጥ ምክንያት ያልተጠናቀቀ በመሆኑ፣ በልምድና በሥነ ምግባር የተሻሉት አቶ ኤርሳዶ መሥሪያ ቤቱን ወክለው እንዲሄዱ።» አንድ ፊደል አልተሳሳትኩም። ጣቶቼ ሥራቸውን አሳምረው ሠሩ፤ ማኅተሙንም እኔው አስመታሁ። እሳቸውም በዴሳ ሄደው በመጀመሪያው ቀን ተሸንፈው በሚኒባስ ተመለሱ። የገጠማቸው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ አላወቁም፤ የቀረበላቸውን ሁሉ ግጥም አድርገው በልተው ነው አሉ የተሸነፉት።

እሳቸው በተመለሱ ማግስት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ስብሰባ አዳራሽ ተዘግቶበት ነበር። ሶርሳ ገበታውን በብብቱ ይዞ ክፍሌ ደረጃ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ያልተጠናቀቀ የሚል አንቺ ነህ የጻፍሽው?» አለኝ። ሲከፋው እንዲህ አንቺና አንተ ይቀላቀልበታል።

«እኔ ነኝ። አዘዙኝ።»

የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጠና ገበታውን ዘረጋ። «ነይ እንጫወት። አሥራ አንድ ዓመት በመስኮት አይተሻል፣ ማንም ቁጭ በይ አላለሽም።»

እውነቱን ነው፤ አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ደስ አለኝ። የጫማዬን አቧራ አራግፌ እንደ ልጅ ተቀመጥኩ። ከሚያስጠሉኝ ጥፋቶች ሁሉ ራሴን እጠብቃለሁ ብዬ ነበር፤ የነካሁትን አልመልስም፣ አልነጫነጭም። ስድስት ሰባት ጊዜ ተገፋፋን። ከዚያ ሶርሳ አንድ ቆርኪ ወደ ፊቴ ገፋ። ወጥመድ አልነበረበትም፤ ዙሪያውን አይቻለሁ። ዝም ብሎ የሰጠኝ ነበር።

የአዳራሹ በር ተከፈተ። የቤኒ ድምፅ መጣ፤ ኋላው የአቶ ኤርሳዶ ሳል። ወደ እኛ ነበር የሚመጡት።

«መብላት አለ፣ እህቴ» አለ ሶርሳ።

በላሁ። እግዜር ያውቃል፣ በላሁ። ግን መጀመሪያ ወደ በሩ ዞሬ ማን እንደሚያየኝ አይቻለሁ፤ ፊቴን ስመልስ ሶርሳ ገበታውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።