የእትዬ ደብሪቱ ክብደት

የልጅ ልጄ የባጃጁን ሞተር አስፈትቶ አሳድሶ፣ ግቢ ውስጥ አቁሞ ያንደቀድቀዋል። ሰማያዊ ጭስ በመስኮቴ ገባ፤ የተቃጠለ ዘይትና የጋለ ብረት ሽታ። «ሮዳጅ ላይ ነው እማማ፣ አዲሱ ብረት እስኪላመድ ትንሽ ይሟሟቅ» አለኝ። «ቆሞ ምን ይሠራል ልጄ? ጭነት ስጠው እንጂ» አልኩት። ሳቀ። ከየት እንዳመጣሁት አላወቀም፤ እኔም አልነገርኩትም።

እትዬ ደብሪቱ በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ አሰላ ጎረቤታችን ነበረች። ያኔ አንቱ ነበር የምላት። ዛሬ ግን በያኔው ዕድሜዋ ልጄ የምትሆን ሴት ናትና እሷ ብላት አትቀየመኝም። ባሏ ጋሽ ለማ ጣልያን ጥሎት የሄደ ዶቅዶቄ ነበረው። ሳሙና፣ ክብሪት፣ ክርና መርፌ ጭኖ ዴራ ገበያ ይወርድበታል፤ እንጀራቸው እሱ ነበር።

ዶቅዶቄው ዘይት መብላት ሲጀምር ጋሽ ለማ ይፈታውና ፋሻውን ይለውጣል። ፋሻ የሚሉት ፒስተኑን እንደ ቀለበት የሚከበውን ቀጭን ብረት ነው። አዲስ ፋሻ ደግሞ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ገና አይተዋወቅም። «ካባበልሽው ይሰንፋል» ይለኝ ነበር። «ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልስና ዘይቱ ሁልጊዜ እያለፈ ይቃጠላል። ጭነሽ ዳገት ታወጪዋለሽ፣ ቁልቁለት ላይ ቤንዚኑን ትነሺዋለሽ፣ እንደገና ዳገት። ያኔ ይገጥማል።»

ጭነቱ እትዬ ደብሪቱ ነበረች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሴት። ከኋላው ትቀመጥና መቀነቷን በሁለቱም ወገብ አዙራ ታስራለች። ቱፋ የሚባል ባለጋሪ ነበር፤ ባያት ቁጥር «ደብሪቱ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ማንን ሊጭን ነው?» ይላታል። «አንተን ብንጭንህማ ዶቅዶቄው ዝንብ አረፈችብኝ ይላል!» ትለዋለች። መንደሩ በሙሉ ይስቃል።

ከዚያ ታመመች። ምን እንደሆነ ለልጅ አይነገርም። ናዝሬት ሐኪም ቤት ከርማ ስትመለስ ቀሚሷን ሰው የለበሰው አይመስልም ነበር። በዚያው ሰሞን ዶቅዶቄው ጭስ በጭስ ሆነና ጋሽ ለማ ፈታው። አዲሱ ፋሻ መጣለት፤ እሱ ግን ሞተሩን መልሶ አልገጠመውም። ብረቱ በጣሳ ላምባ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ በጋው አለፈ። ገበያው ቀረ፣ ሳሙናው ሳጥን ውስጥ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ለጠየቀው ሁሉ «አንድ ብሎን ጎድሎኛል» ይላል።

እኔ ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ቀኑን ሙሉ እሷ ዘንድ ነበርኩ። አንድ ቀን ከአልጋዋ ሆና ስትለው ሰማሁ፦

«ለማ፣ የጎደለህ ብሎን እኔ ነኝ አይደል?»

ላምባ የነካውን እጁን በጨርቅ መጥረግ ያዘ።

«እስክወፍር ብትጠብቅ ዝጎ ይቀርልሃል። ግጠመው፤ እቀመጥበታለሁ።»

«አትችዪም ደብሬ።»

«ዳገቱን የሚወጣው ሞተሩ ነው፤ እኔን ምን አስቸገረኝ?»

ገጠመው። ወጥታ ስትቀመጥ ጎማው እንደ ድሮው ከክብደቷ ዝቅ አላለም። ጋሽ ለማ አንገቱን አዙሮ ጎማውን አየ፤ ሲያይ አየችው። ወደ እኔ ዞረች።

«ነይ ልጄ፣ የጎደልኩትን ሙይልኝ።»

«እርስዎን አላደክምዎትም?»

«አርፈሽ ውጪ!»

መሃላቸው ተወሸቅኩ። መቀነቷ ሦስታችንንም ዞራ ተረፈች። ቱፋ ጋሪውን አቁሞ ነበር፤ አልቀለደም። «ሱታ፣ ሱታ» አለ በኦሮምኛ፣ ቀስ በሉ ሲል። «ቀስ ካልን አይገጥምም፣ ቱፋ!» አለችው።

የዴራ ሙቀት ፊታችንን እስኪመታው ድረስ ቁልቁል ወረድን። ዞረን ዳገቱን ስንያያዘው ሞተሩ አቃሰተ፣ ከዚያ ድምፁ ወፈረ። ግራ ቀኙ ገና ያልበሰለ ገብስ፣ ከፊት ደመና የለበሰው የጭላሎ ተራራ። እጄን የማሞቅበት የነበረው ያ ሰውነቷ የለም፤ የደረቷ አጥንት ጀርባዬን ይወጋኛል። አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ «ትሰሚዋለሽ? እየገጠመ ነው» አለችኝ። አሰላ ስንደርስ ጭሱ ቀጥኖ ነበር። ጋሽ ለማ ግን ጭሱን አላየም፤ እሷን ነበር የሚያየው።

ሮዳጅ በአንድ መንገድ አያልቅም። ቀሪውን ሳታይ፣ ገብሱ ሲታጨድ አረፈች።

ከአርባዋ በኋላ ጋሽ ለማ ሞተሩን አስነሳ። እሷ ቦታ ላይ አንድ ጆንያ ገብስ አስቀምጦ በመቀነቷ ከወገቡ ጋር አስሮታል። ቱፋ ፈረሱን አቁሞ ባርኔጣውን አወለቀ፤ የሳቀ ሰው አልነበረም። እስኪመሽ ድረስ ዳገቱን ወጣ ወረደ። ድምፁ ቤታችን ድረስ ይሰማል፤ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይሰልላል። ሲመለስ ከጭስ ማውጫው የሚታይ ነገር አልነበረም። እንዲያ ያለ የገጠመ ሞተር የለም ተባለ።

ጆንያውን አወረደና መቀነቷን አጣጥፎ እጄ ላይ አኖራት። «ጭነቱን ከእሷ ጋር ተካፍላችሁ ነበር» አለኝ።

መቀነቷ ዛሬም ወገቤ ላይ ናት። ጫፏ ላይ ጣት የምታህል የዘይት እድፍ አለች። ስንት ዘመን በእንዶድ አሸኋት፤ አልለቅ አለች። አሁን አሁን ሳጥብ ያቺን ጫፍ እዘላታለሁ።