ሻይ እኮ አይበላም

የሽሚዝ ኮሌታ የሚተኮሰው ከጫፍ ወደ መሀል ነው። ከመሀል ወደ ጫፍ የገፉት እንደሆነ ጨርቁ ይጨማደድና ጫፉ ላይ ጆሮ ያወጣል። ቀጭኔ ይህን ካወቀች ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ግራ እጇ ጫፉን ወጠር አድርጎ ይይዛል፣ ቀኝ እጇ ካውያውን ቀስ አድርጎ ይገፋል። ከኮሌታው ትከሻው፣ ከትከሻው እጅጌው፣ ከእጅጌው ደረቱ፣ ጀርባው መጨረሻ። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ግን ሦስተኛው ሽሚዝ ላይ እጇ ቆመ። ጣቶቿ አብጠው የካውያውን እጀታ መጨበጥ አቃታት። ካውያውን መቆሚያው ላይ አቁማ እጇን ስታፍታታ፣ አጠገቧ ያለችው ተኳሽ ሁለት ሽሚዝ ጨርሳ ማንጠልጠያ ላይ ሰቀለች።

የሆቴሉ ላውንደሪ ምድር ቤት ነው። አራት የመተኮሻ ጠረጴዛዎች በአንድ ረድፍ ቆመዋል፤ ከጣሪያው ሥር ወፍራም ቧንቧ ያልፋል፤ ያለችው አንዲት ጠባብ መስኮት ከአላፊ አግዳሚው ጫማውን ብቻ ታሳያለች። እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው ተኳሾቹ ዓመቱን ሙሉ እጅጌ የሌለው ልብስ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጣል አድርገው ያልባቸዋል። ሹራብ ደርባ የምትተኩስ ቀጭኔ ብቻ ናት። እጇ እሳት ይዞ ጀርባዋ ይበርዳታል።

ስሙን ያወጡላት መጀመሪያ ስትቀጠር ነው። ያኔ አንገቷ መለሎ ነበር፤ ከላይኛው ገመድ ላይ ልብስ ለማውረድ ወንበር የማያስፈልጋት እሷ ብቻ ነበረች። ዛሬ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ትመዝናለች። ስሙ ግን አብሯት አልወፈረም። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ለምን ቀጭኔ እንደምትባል ሲጠይቁ፣ የቆዩት «ያኔ ብታያት ኖሮ» ብለው ይጀምሩና እሷ ብቅ ስትል ወሬውን ወደ አንሶላ ያዞሩታል።

መጀመሪያ ላይ መወፈሯ አላስከፋትም። ሰው ሁሉ ያመሰግናት ነበር። ተመችቶሻል ይሏታል፣ አምሮብሻል ይሏታል፣ ምን እየበላሽ እንደሆነ ለእኛም ንገሪን ይሏታል። እሷ ደግሞ የምትበላው ከወትሮው ያነሰ ነበር። ምሳዋን ግማሹን ለጎረቤቷ ተኳሽ እያካፈለች ቀሚሷ በየወሩ ይጠብባታል። ከዚያ ድካሙ መጣ። አሥር ሰዓት ሙሉ ተኝታ ስትነሳ ሌሊቱን ሙሉ ጆንያ ስትሸከም ያደረች ይመስላታል። ፀጉሯ በማበጠሪያው እየተነቀለ ወጣ። ድምጿም ወፈረ፤ አንድ ቀን ስልክ ስታነሳ የደወለው ሰው «ጌታዬ፣ እመቤቲቱን ያቅርቡልኝ» አላት። እሷም አፍራ «የለችም» ብላ ዘጋችው።

ሐኪም ቤት የሄደችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። አንገት ላይ ያለች ታይሮይድ የምትባል ትንሽ ዕጢ ሥራዋን እንዳቀዘቀዘች፣ ሰውነቷም ሁሉ አብሯት እንደቀዘቀዘ ነገሯት። መድኃኒቱ በየቀኑ አንድ ኪኒን ነው፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ይህን ስትሰማ መስኮት አጠገብ አስቀመጠቻትና አንገቷን በሁለት እጇ ዳበሰቻት።

«እንቅርት ነው የሚሉሽ?» አለች እህቷ። «የታለ ታዲያ? እንቅርት የሌለው የእንቅርት በሽታ ገና ዛሬ ሰማሁ።»

እህቷ ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት። ሠላሳ ዓመት የሰው ንግግር በደቂቃ ስትለካ ስለኖረች ሰዓት ማክበር ደሟ ውስጥ ገብቷል። ካርዱ ላይ «ጠዋት በባዶ ሆድ» የሚል ተጽፎ ነበር፤ ሐኪሙም በቃሉ «ምንም ሳትበይ» ብሏታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኪኒኑ የእህቷ ጉዳይ ሆነ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ትነሳለች። ሻይ ታፈላለች፤ የታናሿ ሆድ እንዳይቃጠል ብላ ወተት ጨመር ታደርግበታለች። ኪኒኑን በማንኪያ፣ ሻዩን በብርጭቆ ይዛ አልጋው አጠገብ ትቆማለች።

«ባዶ ሆድሽን ነሽ?» ትላታለች።

«ነኝ።»

«በይ ዋጪው።»

ቀጭኔ በሻዩ ትውጠዋለች፤ ብርጭቆውንም ጨልጣ ትመልሳለች። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት እስኪሞላ እህቷ የዳቦ ፍርፋሪ እንኳ አታስቀምሳትም። የዳቦውን ሣጥን ትቆልፈዋለች። አንድ ጊዜ ቀጭኔ ከኪሷ ያገኘቻትን ከረሜላ አፏ ውስጥ ከመጨመሯ በፊት አስተፍታታለች።

እንዲህ ተጠንቅቀውም ለውጥ አልመጣም። መጠኑ ሁለት ጊዜ ከፍ ተደረገላት። ኪሎው አልቀነሰም፣ ብርዱም አልለቀቃትም። ቀጭኔ ለእህቷ ባትነግራትም ኪኒኑ ጠመኔ ነው ብላ ማሰብ ጀምራ ነበር።

ያን ማክሰኞ ከሰዓት የላውንደሪው ኃላፊ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለዚያ ነው ነገሩ የከበዳት። ካውያው ሲያርፍ አይቶ ትንሽ ጠበቀ። የእንግዶቹ ሽሚዝ በሰዓቱ ወደ ላይ እየወጣ እንዳልሆነ፣ ሌሎቹ የእሷን ድርሻ እየተካፈሉ እንደሚተኩሱ፣ እሱም እስካሁን ዝም እንዳለ ነገራት። አጣፊዎች ክፍል ቦታ አለ። ተቀምጦ ፎጣ ማጠፍ ነው፤ ሙቀት የለው፣ መቆም የለው። ነገር ግን ዝውውሩ በራሷ ጥያቄ መሆን ስላለበት ማመልከቻ ሰጣት። እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ቢሮው ድረስ ሞልታ እንድታመጣ ነገራት።

«ለአንቺው ብዬ ነው» አለ።

«አውቃለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

አጣፊዎች ክፍል ከገባ በኋላ ወደ ካውያ የተመለሰ ሰው አይታ አታውቅም። ፎጣ ማጠፍ ነውር አይደለም፤ ማንም የሚችለው ሥራ ነው እንጂ። ቀጭኔን ያስጨነቃትም ይኸው ነው። ሽንሽን ቀሚስ ሲመጣ፣ ሐር ሲመጣ፣ ዳንቴል ያለበት ነገር ሲመጣ ከአራቱ ተኳሾች የምትጠራው እሷ ናት። አንድ ሽንሽን ቀሚስ ስልሳ እጥፋት ቢኖረው፣ ስልሳውንም በጣቷ እየቆጠረች አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ ታስተኛዋለች። ሌላ ከሰው የምትበልጥበት ነገር በዕድሜዋ አላገኘችም። ጠረጴዛዋን ከለቀቀች የሚቀራት ወፍራምነቷ ብቻ መሰላት።

በማግስቱ ረቡዕ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። የቀድሞው ሐኪም ተዛውሮ በቦታው ወጣት ሴት ሐኪም ተቀምጣለች። ሐኪሟ ሚዛን ላይ አወጣቻት፣ የደሙን ውጤት አየች፣ መጠኑን ለሦስተኛ ጊዜ ከፍ ልታደርገው እስክሪብቶ አነሳች። ከዚያ ቆም ብላ የድሮውን ካርድ ወደ ኋላ ገለጠች።

«እናቴ፣ ኪኒኑን በየቀኑ ይውጡታል?»

እናቴ መባሉ ቀጭኔን ቆነጠጣት። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሐኪሟም ብታንስ ሠላሳ ይሆናታል።

«አንድ ቀን አላለፈኝም» አለች።

«በባዶ ሆድ?»

«በባዶ ሆድ።»

«በምን?»

«በምን ማለት?»

«ሲውጡት በምን ያወራርዱታል? በውሃ ነው?»

«ኧረ በሻይ ነው። እህቴ ታፈላልኛለች። ወተትም ጠብ ታደርግበታለች።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ወተት ያለበት ሻይ ከጠጡማ ባዶ ሆድ አይደለም።»

«ሻይ እኮ አይበላም» አለች ቀጭኔ።

ሐኪሟ ልትስቅ ነበር፤ ፊቷን አይታ ተወችው። ይህ ኪኒን ወተት እንደማይወድ፣ ሻይም እንደማይስማማው፣ በወተት ሻይ የተዋጠ እንደሆነ ብዙው ክፍል ደም ውስጥ ሳይገባ እንደሚያልፍ ቀስ ብላ አስረዳቻት። በውሃ ብቻ ውጣ አንድ ሰዓት ያህል ሳትበላ ሳትጠጣ መቆየት አለባት። ሐኪሞቹም ጥፋት አለባቸው፤ መብላትን ከለከሉ እንጂ ስለመጠጣት አንድ ቃል አልተናገሩም። መጠኑን አሁን ከፍ ማድረግ አይቻልም፤ በትክክል ሲዋጥ ያለው መጠን ሊበቃ፣ ምናልባትም ሊበዛ ይችላል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደሟ እንደገና ይታያል። እስከዚያ ልቧ በኃይል ከመታ ወይም እጇ ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ትምጣ።

ቀጭኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ ያውም ወደ ጫማዋ እያየች። ኪሎው ይወርዳል ወይ? ሐኪሟ አልዋሸቻትም። ጥቂቱ ይወርዳል አለች፣ እሱም በአብዛኛው ሰውነት የያዘው ውሃ ነው፤ የቀረው እንደማንኛውም ሰው በምግብና በእንቅስቃሴ የሚመጣ ነው። ድካሙ ግን ሊቀል ይገባዋል፣ እሱም ቀስ እያለ።

ቤት ስትደርስ እህቷ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ቀጭኔ በመንገድ ላይ እንዴት እንደምትነግራት ስታሰላስል መጥታ ነበር። ስለ ሰልፉ አወራች፣ ስለ ሚዛኑ አወራች፣ ሐኪሟ ሴት እንደሆነች አወራች። እህቷ ግን ሠላሳ ዓመት ሰው ከመናገሩ በፊት የሚተነፍሰውን ስታዳምጥ የኖረች ናት።

«ዋናውን ተናገሪ» አለቻት።

ተናገረች። እህቷ ውሃውን ዘጋችው። በእጇ ያለውን ብርጭቆ አየችው፤ በየማለዳው የምታመጣው ያ ብርጭቆ ነው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እኔ ነኛ» አለች።

«ማንም አይደለም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ።»

«ምን ታውቂ? ምንም ሳትበይ አሉ እንጂ ምንም ሳትጠጪ መች አሉ?»

«አልበላሽም እኮ። አንዲት ፍርፋሪ አላስበላሁሽም።»

«አላስበላሽኝም።»

«ዳቦውን ቆልፌ! ከረሜላሽን አስተፍቼ!» አለች እህቷ። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ቀጭኔ አላወቀችም፤ ለራሷም የቱ እንደመጣባት አላወቀችም። ፎጣ አንስታ የቀሩትን ብርጭቆዎች ታደራርቅ ጀመር።

ሐሙስ ማለዳ እህቷ ለብ ያለ ውሃ ይዛ መጣች። ባዶ ሆድሽን ነሽ ብላ አልጠየቀችም። ኪኒኑን ስትውጥ አይታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የጠረጴዛ ሰዓቱን ጭኗ ላይ አደረገች። 

«ገና አርባ ደቂቃ» አለች እህቷ በመሀል።

«አልቸኮልኩም።»

«ስለ ማመልከቻው አስቢበት። ቁጭ ብለሽ ብትሠሪ ምናለበት? አንቺ እኮ ብረት አይደለሽም።»

የቀጭኔ ጉልበቷም፣ ወገቧም፣ ያበጡት ጣቶቿም እንደዚያው ይሏት ነበር። ያን ምሽት እህቷ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ ማመልከቻውን ሞላችላት፤ ቀጭኔ ፈረመች።

ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል እረፍት ሲሆን ማመልከቻውን በሽርጧ ኪስ ይዛ ወጣች። ሊፍቱ ለእንግዶች ነው፤ ሠራተኛ በጓሮ ደረጃ ይወጣል። አንደኛ ፎቅ ላይ ቆማ ተነፈሰች። ሁለተኛው ላይ መደገፊያውን ይዛ ቆመች። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው መሀል ስትደርስ እግሯ አልታዘዝ አላትና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሲሚንቶው በቀሚሷ ዘልቆ ቀዘቀዛት። ከላይ የኃላፊው ድምፅ ይሰማል፤ በስልክ ስለ ሳሙና ካርቶን ይነጋገራል። የቀሯት አሥራ ሦስት ደረጃዎች ናቸው፤ ቆጠረቻቸው።

ሁለት ቀን በውሃ ውጣዋለች፤ የተለየ ነገር አልተሰማትም። በስድስት ሳምንትም ላይሰማት ይችላል። ወደ ውስጥ ገብታ ስድስት ሳምንት ይታገሱኝ እንዳትለው፣ የሻዩን ነገር መናገር ሊኖርባት ነው፤ የሻይ ወሬ ደግሞ ምድር ቤት ድረስ ሳይወርድ አያድርም፣ እህቷም መሳቂያ ትሆናለች። ማመልከቻውን ብትሰጠው ደግሞ መድኃኒቱ አልሠራልኝም ማለት ይሆንባታል፤ በቅጡ ያልዋጠችውን መድኃኒት አልሠራልኝም ልትል አልቻለችም። ሁለት ዓመት ሙሉ የደከመችው በሽታው በርትቶባት ይሁን መድኃኒቱ በቅጡ ስላልገባላት፣ ገና አልታወቀም።

ስልኩ ተዘጋ። ወንበር ተንሸራተተ። ቀጭኔ መደገፊያውን ይዛ ተነሳችና እግሯ ወደሚቀለው አቅጣጫ፣ ወደ ታች ወረደች።

ጎረቤቷ ተኳሽ ከእንፋሎቱ ውስጥ አንገቷን ብቅ አድርጋ ሰጠሽው ወይ አለቻት።

«ደረጃው በዛብኝ» አለች ቀጭኔ።

«ታዲያ ስጪኝ፣ እኔ ላድርስልሽ።»

«ተዪው።»

ሹራቧን ቆለፈች፤ ካውያውን ሶኬት ላይ ሰካችና እስኪግል ቆማ ጠበቀች። ቀጣዩ ሽሚዝ ነጭ ነበር፣ ኮሌታው ጠንካራ። ከጫፉ ጀመረች። አሥር ሰዓት ሲሆን የቢሮ ሠራተኞቹ ቆልፈው በጓሮ ደረጃ ሲወርዱ ተሰማ፤ እሷ ገና እጅጌው ላይ ነበረች። ወረቀቱ ሽርጧ ኪስ ውስጥ በእንፋሎቱ ረጥቦ ለስልሷል። ሰኞ ኃላፊው ሲጠይቃት ምን እንደምትለው አላሰበችም።