ኔትወርክ የሚይዝበት ኮረብታ

የዚያን ቀን የወጣነው ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ሙስሊሟ ጎረቤቴና መንገዱን የሚያውቁት የማሽላ ጠባቂ ሽማግሌ። ቆቦ ከተማ የስልክ መስመር ከተቋረጠ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። በስተምሥራቅ ካለው ዓለታማ ተራራ አንዱ ጫፍ ላይ ግን ኔትወርክ ይይዛል ተባለ። ልጄ ለሥራ ሳዑዲ እገባለሁ ብላ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ ከወጣች ወር አልፎ ነበር፤ ባሕሩን ትሻገር አትሻገር አላውቅም።

ጎህ ሲቀድ ጀመርን። ኮረብታው ዛፍ የለውም። ድንጋዩ ጥቁርና ስለታም ነው፤ በእጅ ካልያዙት አይወጣም፣ ሲይዙት ደግሞ ይፈነቀላል። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ፤ አንዱንም ድንጋይ በእግሬ ገፋ ሳላደርግ አልረገጥኩም። ከትንፋሻችን ሌላ ድምፅ አልነበረም።

«ድሮ እዚህ የሚወጣው ዝንጀሮ ነበር» አሉ ሽማግሌው፤ «ዛሬ ባለስልክ ሆነ።»

«አባባ፣ ዝንጀሮው የሚደውልለት ዘመድ የለውማ!» አለች ጎረቤቴ። ወደ እኔም ዞራ «አንቺ ደግሞ እንቁላል የምትረግጪ ይመስል! ፀሐይ ሊመታን ነው እኮ» አለችኝ።

ጫፉ ላይ ስልኬን ከፈትኩ። ጥቂት ቆይቶ ጠራ። የማላውቀው የውጭ ቁጥር ነበር። እኛ አገር እናቶች የምንመካከረው ነገር አለ፦ የማታውቂው የውጭ ቁጥር ሲመጣ አታንሺ፤ ደላሎች ናቸው፣ ገንዘብ ላኪ እያሉ፣ እየደበደቡ የልጅሽን ጩኸት ያሰሙሻል፤ ራሷ ከሆነች ደግማ ትደውላለች።

«አንሺው እንጂ!» አለች ጎረቤቴ።

«ደላላ ቢሆንስ?»

«ደላላም ቢሆን በሕይወት መኖሯን ትሰሚያለሽ። ወላሂ፣ አንሺው!»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጣቴ ሳይደርስ ጥሪው ቆመ። መልሼ ስደውል በማላውቀው ቋንቋ የምትናገር ሴት የተቀዳ ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ባትሪው እስኪያልቅ፣ እስከ ቀትር ጠበቅን። ማንም አልደወለም።

ስንወርድ ጎረቤቴ እጄን ይዛኝ ነበር፤ ቀልዷ ሁሉ ጠፍቷል። ሽማግሌው ከፊት ሆነው «እዚህ ጋ ርገጪ፣ ልጄ» ብቻ ይሉኝ ነበር።

ኔትወርኩ ከተመለሰ ቆየ። ያ ቁጥር እስከ ዛሬ አይሠራም። አሁን የመጣውን ሁሉ አነሳለሁ፤ በስህተት የደወለ ሰው እንኳ ሲዘጋብኝ ይከፋኛል።

ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ጠይም፣ ቀኝ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት። ስትወጣ አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ነበር። በጅቡቲ፣ በየመን ወይም በሳዑዲ ያያት፣ አብሯትም የተጓዘ ሰው ካለ፣ ምን እንደሆነች ይንገረኝ፤ ክፉም ቢሆን።